ብርዱ ሳይገባ፦ የጋዝ ቦይለርና የራዲያተር ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አሮጌ ቤቶች የሚኖር ሰው ይህን ማሞቂያ ያውቀዋል። ቤዝመንት ያለው ቦይለር በጋዝ ውሃ ያሞቃል፣ ፓምፑ ውሃውን ወደ ራዲያተሮቹ ይገፋል፣ የቀዘቀዘው ተመልሶ ይመጣል። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ለአንድ ሰዓት አብርተው ይሞክሩት። የመጀመሪያው ብርድ ሌሊት ላይ ቴክኒሻን በቀላሉ አይገኝም።

መጀመሪያ ቤትዎ በእንፋሎት የሚሞቅ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ቦይለሩ ጎን ላይ ውሃ የሚታይበት የቆመ የመስታወት ቱቦ ካለ ሥርዓቱ የእንፋሎት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው አይሠራለትም። የጋዝ ሽታ ካለ ደግሞ መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም ከቤት ይውጡና ከውጭ ሆነው ለ911 ወይም ለጋዝ ኩባንያው ይደውሉ።

ጭራሽ አይነሳም

የቴርሞስታቱን ባትሪ ይቀይሩ፣ ብሬከሩን ይዩ፣ ከዚያ ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከቤዝመንት ደረጃው አናት ላይ ስለሆነ በጋውን ሙሉ የመብራት መስሎት ያጠፋው ሰው ይኖራል።

ራዲያተሩ ከታች ይሞቃል፣ ከላይ ቀዝቃዛ ነው፤ ወይም ቧንቧው ይንቦጫቦጫል

አየር ገብቷል። አየር ከውሃ በላይ ስለሚሰበሰብ የሞቀው ውሃ የራዲያተሩን አናት አያገኘውም። ቴርሞስታቱን ዝቅ አድርገው ፓምፑ እስኪቆምና ውሃው እስኪበርድ ይጠብቁ። ከታችኛው ፎቅ ይጀምሩ። ከሃርድዌር ሱቅ በሚገዛው ትንሽ የራዲያተር ቁልፍ ጫፉ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ግማሽ ዙር ይፍቱ፣ ከሥሯ ኩባያና ጨርቅ ይያዙ። መጀመሪያ አየር ፉጨት ያሰማል፣ ከዚያ እየተፋ ይወጣል፤ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲፈስ ይዝጉ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ሳለ የላይኛው ፎቅ ማስተንፈሻ ቢከፈት አየር ከማውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊትም ከጨረሱ በኋላም ጌጁን (የቦይለሩን የግፊት መለኪያ) ያንብቡ።

የላይኛው ፎቅ ጨርሶ አይሞቅም

ግፊት አንሷል። 1 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ የሚነበበው የግፊት መስፈሪያ) ውሃን ወደ 70 ሳንቲሜትር ብቻ ያነሳል። ከጌጁ እስከ መጨረሻው ከፍተኛ ራዲያተር ያለውን ቁመት በጫማ (feet) ለክተው ለ2.31 ያካፍሉ፣ 4 ይጨምሩ። ለምሳሌ 18 ጫማ ከሆነ 12 ፒኤስአይ ገደማ ይመጣል፤ ለተራ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በቀዝቃዛው የሚበቃው ይኸው ነው። ውሃ የሚሞላው ቦይለሩ በርዶ ሳለ፣ ቀስ እያለ ነው። በጋለ የብረት ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢለቀቅ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዋናው ጥያቄ ግን ውሃው የት ሄደ የሚለው ነው። በየወሩ የሚሞላ ሥርዓት የሚያፈስ ሥርዓት ነው። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ኦክስጅን ይዞ ይገባና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። «ለጽዳት» እያሉ በየዓመቱ ውሃውን በሙሉ የሚደፉም ሳያስቡት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሴፍቲ ቫልቩ ይንጠባጠባል

ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣው ይህ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ 30 ፒኤስአይ ላይ ይከፈታል። ብዙ ሰው ቫልቩን ቀይሮ ያርፋል፣ ከሳምንት በኋላ ግን አዲሱም ያንጠባጥባል። ጌጁን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፦ በርዶ ሳለና ሙሉ በሙሉ ሲግል። በርዶ 12 ሆኖ ሲግል ወደ 30 ከተጠጋ ጥፋቱ የኤክስፓንሽን ታንኩ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ታንኩ ውስጥ ካለው የጎማ መጋረጃ ጀርባ ያለው አየር ያንን ካልተቀበለለት መውጫው ቫልቩ ብቻ ይሆናል።

ታንኩ ላይ የመኪና ጎማ የሚነፋበትን የመሰለች አፍ አለች። መርፌዋን ጫን ያድርጉ፦ ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀድዷል፣ ታንኩ ይቀየራል። አየር ብቻ ከወጣ ምናልባት ስለጎደለ ነው፤ ግን ውሃው ከላይ እየተጫነው ቢለኩት ቁጥሩ ያታልላል። ታንኩን ከሥርዓቱ ለይተው የውሃውን ግፊት ዜሮ ካደረሱ በኋላ በብስክሌት መንፊያ እስከ 12 ይሙሉት። የቤትዎ ቀዝቃዛ ግፊት ከዚያ ከፍ ያለ ከሆነ አየሩም ከእሱ ጋር እኩል ይሁን።

በርዶም ሳለ ግፊቱ በራሱ የሚጨምር ከሆነ ታንኩን ይተዉት፤ ውሃ ማስገቢያው ቫልቭ አልዘጋ ብሏል። የሚያንጠባጥበውን ሴፍቲ ቫልቭ በቡሽም ሆነ በክዳን መድፈን ግን ቦይለሩን ወደ ፈንጂ መቀየር ነው።

ፓይለቱ (ዋናውን እሳት የሚለኩሰው ትንሽ ነበልባል) ቁልፉን ሲለቁ ይጠፋል

ቁልፉን ለ1 ደቂቃ ተጭነው ይያዙ። ከዚያም ከጠፋ ነበልባሉን ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ሆኖ የቴርሞካፕሉን (በነበልባሉ ሙቀት ጋዙን ከፍቶ የሚይዘውን ዘንግ) ጫፍ 1 ሳንቲሜትር ያህል መሸፈን አለበት። ከሰነፈ ቀዳዳው በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር ተደፍኗል። ነበልባሉ ደህና ሆኖም ካልያዘ ቴርሞካፕሉ ደክሟል፤ ዕቃው ርካሽ ነው። ሲገጠም በእጅ ጠብቆ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመርለታል፣ ከዚያ ካለፈ ይጎዳል። የጋዝ ሥራ ለምደው ካላወቁ ለቴክኒሻን ይተዉት።

ነበልባሉ ቢጫ ነው፣ ጥላሸት ይታያል

ያጥፉት። እዚህ ላይ በራስዎ የሚሞከር ነገር የለም። ጋዙ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድም ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። ምክንያቱ የወፍ ጎጆ የደፈነው ጭስ ማውጫ፣ የቆሸሸ በርነር ወይም አየር ያጣ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያ ይዞ የሚለካ ባለፈቃድ ሰው ይጥሩ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ ይኑር፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ካለፈ የመሞከሪያ ቁልፉ ሲጫን ቢጮህም አይመኑት፣ ይቀይሩት።

ፓምፑ ይጮሃል

አሮጌው ዓይነት ላዩ ላይ የዘይት ቀዳዳ አለው፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ጥቂት ጠብታ ዲተርጀንት የሌለው 20 ቁጥር ዘይት ይበቃዋል። ሲበዛ ላስቲኮቹን ይበላል። አዳዲሶቹ በውሃው ስለሚለሰልሱ ቀዳዳ የላቸውም፤ እነሱ ሲጮሁ ወይ አየር አለባቸው ወይ ኩሽኔታቸው አልቋል።