ለስደተኛ ቤት ስታከራዩ

ጀሞ፣ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። በአንዱ አንዲት ኤርትራዊት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ደላላው ይዟት የመጣ ቀን ጠጋ ብሎ «ስደተኛ ናት፣ መሄጃ የላትም፤ ጨምሪባት» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ልቤ ከጅሎ ነበር።

እናንተን ከገጠማችሁ፣ ለሌላው ከምትጠሩት ዋጋ አታስበልጡ። የስደተኛ መታወቂያዋን ኮፒ አድርጉና ዋናውን መልሱላት። መያዣ ብሎ ማስቀረት ነውር ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ቢጠይቃት ምን ታሳይ?

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም። እኔ ትግርኛ የሚችል የጎረቤት ልጅ ጠርቼ መስመር በመስመር አስተረጎምኩላት። አቦል ላይ ጀምረን በረካ ላይ ጨረስን።

ኪራዩን በባንክ ተቀበሉ። «ስደተኛ ሒሳብ አይከፍትም» የሚላችሁን አትስሙ፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይፈቅዳል።

ያው አዋጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ልጆቹን ከእኛ ልጆች እኩል ያያቸዋል። ለምዝገባ አብሬያት ሄድኩ። መዝጋቢው እሷን ትቶ እኔን ያናግራል። «እናትየው እሷ ናት፣ እሷን ጠይቃት» አልኩት።