የንክኪና የብርሃን ተቀባዮቻችሁን ቤት ውስጥ እንዴት መፈተሽ ትችላላችሁ?

አራት ኪሎ አካባቢ ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ንክኪን ወይም ብርሃንን ለይተው ለአንጎል ስለሚያሳውቁት ተቀባይ ሕዋሳት ሸምድደው የሚመጡ ብዙ ናቸው። የራሳቸው ገላ ላይ ሲፈትሹት ግን ያኔ ነው የሚገባቸው።

አግራፍ፣ ማስመሪያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። በኮምፓስ የሚሠሩ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ሹል ስለሆነ የሕመም ተቀባዮችንም ይቀሰቅሳል።

አግራፏን ዘርግታችሁ እጠፏት። ጫፎቿ በ5 ሴንቲሜትር ይራራቁ። ጓደኛችሁ ዓይኑን ይጨፍን። ክንዱን ነካ አድርጉትና "ስንት ነው?" በሉት።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ጫፎች እኩል ማረፍ አለባቸው። አንዱ ትንሽ ከቀደመ ጓደኛችሁ የሚለየው ርቀቱን ሳይሆን መቀዳደማቸውን ነው። "ሁለት" ይላችኋል፤ መልሱ ግን አይረባም። አጥብቃችሁም አትጫኑ። ቆዳው ሲሳብ ራቅ ያሉ ተቀባዮችም ይነቃሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ በአንድ ጫፍ ብቻ ንኩ። አለበለዚያ ልጆች ቶሎ ይባንኑና ሳይሰማቸው "ሁለት" ማለት ይጀምራሉ።

ርቀቱን እያጠበባችሁ ቀጥሉ። ክንድ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ሲደርስ ሁለቱ እንደ አንድ ይሰማሉ። የጣት ጫፍ ግን 2 ወይም 3 ሚሊሜትርም ይለያል። እዚያ ተቀባዮቹ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ እያንዳንዱ ጠባብ ቦታ ይሸፍናል። ቆዳ ሲጫን የነርቩ ጫፍ ላይ ጥቃቅን በሮች ይከፈታሉ። አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ይገቡና የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ አንጎል ይሄዳል። ፒዬዞ 2 የተባለውን በር ያገኘው የሳይንቲስቱ የአርደም ፓታፑቲያን ቡድን ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በጣም ደስ የሚል ግኝት ነው!

ወደ ዓይን እንሂድ። ወረቀቱ ላይ በግራ መስቀል፣ ከእሱ በ8 ሴንቲሜትር በቀኝ ምስር የምታክል ነጥብ ሣሉ። ግራ ዓይናችሁን ሸፍኑ። በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አቅርቡ። 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ነጥቧ ትጠፋለች። የዓይን ነርቭ ከረቲና (ብርሃን ተቀባዮቹ ካሉበት የዓይን የኋላ ሽፋን) በሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ የለም። አንጎል ክፍተቱን በወረቀቱ ነጭ ይሞላዋል።

የመጨረሻው ሙከራ መብራት በጠፋበት ማታ የሚሠራ ነው። ሻማ ሳታበሩ ቁጭ በሉ። በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ዘንግ ሕዋሳት በደንብ ለመንቃት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ። የዕቃዎቹ ቅርጽ ቀስ በቀስ ይታያል፤ ቀለም ግን አይለይም። መሃል ላይ የስልክ መብራት ካበራችሁ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።