የሞባይል ስልክ ሁከት በኮሌጅ ክፍል ውስጥ፦ መምህራን እንዴት ሊይዙት ይገባል

ከስድስት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት የመንግሥትና የግል ኮሌጆች ለምታስተምሩ መምህራን የመጀመሪያው ምክሬ ስልክን ከክፍል ጨርሳችሁ ለማስወጣት እንዳትሞክሩ ነው። ለብዙው ተማሪያችን ስልኩ ብቸኛው ኮምፒውተሩ ነው። ሃንድአውቱ የሚላከው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ ማጣቀሻ መጽሐፉም በፒዲኤፍ የሚነበበው በዚያችው ስክሪን ላይ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለሚሰጠው የመውጫ ፈተና ብዙዎች የሚዘጋጁትም ስልካቸው ላይ ባከማቿቸው ጥያቄዎች ነው። «ስልክ ክልክል ነው» ብሎ በር ላይ የለጠፈ መምህር በማግስቱ «የላክሁላችሁን ምዕራፍ ክፈቱ» ሲል የራሱን ደንብ ራሱ ይሽራል። ልንቆጣጠረው የምንችለው ስልኩ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚገባ ነው።

ይህም የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ የሚወጣ ደንብ በአንድ ተማሪ ላይ የተነሣ ቁጣ ስለሚመስል ክፍሉ ከልቡ አይቀበለውም። ደንቡን በኮርስ አውትላይኑ ላይ ከአቴንዳንስና ከአሳይመንት ማስረከቢያ ቀን ጎን ጻፉት፤ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ተማሪዎቹን አወያዩ፤ ምክንያቱም በስልክ ጩኸት ከመምህሩ ይልቅ የሚማረሩት ለመማር የመጡት ተማሪዎች ናቸውና ደንቡን የሚያስከብሩላችሁም እነርሱ ይሆናሉ። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ ስልክ ድምፁ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ መምህሩ «ስልክ ይውጣ» ሲል ይወጣል፣ «ይግባ» ሲል ይገባል፤ የሰሌዳ ፎቶ የሚነሣው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ነው፤ የማንንም ድምፅ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ መቅዳት አይቻልም፤ አስቸኳይ ጉዳይ ያለበት ተማሪ አስቀድሞ ይናገራል። ከዚያም የራሳችሁን ስልክ በተማሪዎቹ ፊት ድምፁን ዝጉና ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ የዲፓርትመንት ኃላፊው ቢደውል እንኳ እስከ ክፍለ ጊዜው ማብቂያ አታውጡት።

«ቫይብሬት ላይ ነው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። በወንበሩ የመጻፊያ ጣውላ ላይ የተቀመጠ ስልክ ሲነዝር ድምፁ ሁለትና ሦስት ረድፍ ያልፋል። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ስልካቸውን ሳያነሡ እንኳ፣ የጥሪ ወይም የመልእክት ምልክት መድረሱ ብቻ ትኩረት በሚጠይቅ ሥራ ላይ ስሕተታቸውን ይጨምራል።

ደንቡ ቢኖርም ስልክ መጮኹ አይቀርም። የስልኩ ባለቤት የሆነችው ተማሪ ቦርሳዋን ከፍታ ከነጠላዋና ከምሳ ዕቃዋ ሥር እስክታገኘው ድረስ ድምፁ ይጎላል፤ ካገኘችው በኋላም ከመዝጋት ይልቅ አንገቷን ደፍታ፣ አፏን በእጇ ሸፍና «ክፍል ነኝ፣ ክፍል ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ» ስትል ክፍሉ በሙሉ ያዳምጣታል። በዚህ ጊዜ የመምህሩ ቁጣ ከስልኩ የበለጠ ጊዜ ይበላል። የግማሽ ደቂቃ ጩኸት የአሥር ደቂቃ ተግሣጽ ሲወልድ በየኮሌጁ አይተናል፤ ከተግሣጹ በኋላም የተማሪው ልብ ወደ ትምህርቱ አይመለስም። ስለዚህ ዝም በሉ፣ ተማሪዋ ላይ አታፍጥጡ፣ ማን እንደደወለም አትጠይቁ። ድምፁ ሲቆም የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንደ አዲስ ድገሙ። ይህ ድግግሞሽ ለጨዋነት ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በአሜሪካ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በሌክቸር መሐል ሆን ተብሎ ስልክ እንዲጮኽ ሲደረግ፣ ተማሪዎቹ ልክ ስልኩ በጮኸበት ጊዜ የተነገረውን ነጥብ በፈተና ላይ ይበልጥ ሳይመልሱ ቀርተዋል። ተማሪዋን ማነጋገር ካስፈለገ ሰው ከወጣ በኋላ ለብቻዋ አነጋግሯት።

ድምፅ የሌለው ሁከት ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ጭኑ ላይ ባስቀመጠው ስልክ ቲክቶክ የሚያይ ተማሪ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከጎኑና ከኋላው የተቀመጡትንም ይዞ ይጠፋል። እያስተማራችሁ ወደዚያ ረድፍ ሄዳችሁ ቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ተማሪውን ለማሳፈር ድንገተኛ ጥያቄ መወርወር ግን ጥያቄን ሁሉ እንደ ቅጣት እንዲያይ ያደርገዋልና አልመክረውም። በሦስትና በአራት ወንበር ላይ ተመሳሳይ ነገር ካያችሁ መንገሩን አቁማችሁ ሥራ ስጡ፦ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ጥያቄ እንዲሠሩ፣ ወይም ስልኩን አውጥተው ሃንድአውቱ ውስጥ አንድ ነገር እንዲፈልጉ አድርጉ። የሁለት ሰዓት ተከታታይ ሌክቸር ያለ ዕረፍት ተሰጥቶ ስልክ አይነካ ማለት ከአቅም በላይ መጠየቅ ነው፤ በመሐል አምስት ደቂቃ ስጡና መልእክታቸውን ይዩ።

የማታው ክፍል የራሱ አያያዝ ያሻዋል። ከሥራ ውሎ በቀጥታ ወደ ክፍል የሚመጣው ተማሪ ልጁን ለጎረቤት ትቶ የመጣ፣ የታመመች እናት ያለችው፣ ተረኛ የሆነ የጤና ባለሙያ ወይም ሹፌር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ስልክህን አጥፋ ማለት ከትምህርቱ ቅረ እንደ ማለት ነው። መፍትሔው ዱ ኖት ዲስተርብ የሚባለው የስልኩ ማስተካከያ ነው፤ ሲበራ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝቶ የተመረጡ ሰዎችን ጥሪ ብቻ ማሳለፍ ይችላል። ከዚህም ሌላ ያው ሰው ደጋግሞ ሲደውል፣ በአንድሮይድ በ15 ደቂቃ፣ በአይፎን በ3 ደቂቃ ውስጥ የመጣውን ሁለተኛ ጥሪ እንዲያሳልፍ ማድረግ ይቻላል። ይህን በመጀመሪያው ምሽት አብራችሁ አስተካክሉ፤ ቤተሰባቸውም «ከባድ ጉዳይ ከሆነ ሁለት ጊዜ ደውሉ» ተብሎ ይነገረው። እነዚህ ተማሪዎች በሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ጥሪ ሲመጣ ሳያስፈቅዱ ይውጡ፣ ስልኩንም ከወጡ በኋላ ያንሡ፤ ኮሪደር ላይ ሲያወሩ ከሌላው ክፍል በር ራቅ ይበሉ።

ስልክ መንጠቅን በፍጹም አልመክርም። ቴሌብር ከገባበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ስልኩ የተማሪው የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል፤ የግል ምስጢሩም እዚያው ነው። በእጃችሁ እያለ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። በስልክ ምክንያት ማርክ መቀነስም ተገቢ አይመስለኝም፤ ማርክ የሚለካው ተማሪው ያወቀውን ነው። ሁለት ጊዜ ለብቻው ተነግሮት የማይመለስ ተማሪ ካለ፣ ቀኑንና የሆነውን በጽሑፍ ይዛችሁ ለዲፓርትመንቱ አሳውቁ።

ፈተና ሲሆን ብቻ ይህ ሁሉ ልዝብነት ይቀራል። ጥያቄ ወረቀት ከመታደሉ በፊት ስልኮች በሙሉ ጠፍተው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ሳይሆን ጠፍተው፣ ከቦርሳዎች ጋር ከፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ሳይለንት የተደረገ ስልክ የተሞላ አላርም ካለው በሰዓቱ ይጮኻልና። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ተናገሩና ኪሳቸውን እንዲፈትሹ አንድ ደቂቃ ስጧቸው። ከዚያ በኋላ ስልክ የተገኘበት ተማሪ ቢኖር በፈተናው መሐል አትከራከሩት፤ ስሙንና ሰዓቱን መዝግባችሁ በኮሌጁ የፈተና ደንብ መሠረት ይታይ። ማንም ተማሪ ወደ ቦርሳው ከመሄዱ በፊት የመልስ ወረቀቱ በእጃችሁ መግባቱን አረጋግጡ።