ብሎወሩ አልገፋ ሲል

ጣና ዳር ያሉ ግቢዎችን መንከባከብ ከጀመርኩ ወዲህ አሁን የያዝኩት ብሎወር፣ ማለትም ቅጠል መንፊያ ማሽን፣ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ተቃጠለ። ሁለተኛው ሞተሩ ነከሰ፣ ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። ያኔ ሻጩን ስረግም ከረምኩ እንጂ ጥፋቱ የኔው ነበር። አሁን ሰው «ቅጠል መንፊያዬ ተበላሸ» ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ዓይነት እንደገዛ ነው። ገና ሊገዛ ያሰበም ከዚህ በታች ያለውን ቢያይ አይጎዳም።

ሶኬት ላይ ሲሰካ ይጨሳል

የመጀመሪያዬ ታሪክ ይሄ ነው። ባለ ባትሪ ነበር፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። የቻርጀሩ ሶኬት አልገባ ሲል ማገናኛ ገዛሁና ሰካሁት። ማገናኛው ግን ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ጭስ ብሎ ቀረ። መፍትሄው ከመሰካት በፊት ነው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ካለ ሳትፈሩ ሰኩት። 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ከመሸከም ሌላ ቻርጀር መፈለግ ይቀላል።

ደረቁን ቅጠል ያበርራል፣ እርጥቡን ንቅንቅ አያደርግም

ማሽኑ ጤነኛ ነው። ነጋዴ የሚነግራችሁ አንድ ቁጥር ነው፣ መጠየቅ ያለባችሁ ግን ሁለት። አንዱ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አየር ያወጣል ነው። ሌላው አየሩ በምን ፍጥነት ይወጣል ነው። ብዛቱ ክምር ይገፋል፤ ፍጥነቱ ኮብልስቶን ላይ የተለጠፈውን የዋንዛ ቅጠል ይነቅላል። እንጀራው በዚህ ለሆነ ሰው የሞተሩ መጠን 25 ሲሲ ገደማ የሆነ የቤንዚን ማሽን፣ በሰዓት 700 ሜትር ኩብ አካባቢ፣ በሴኮንድ ከ60 ሜትር በላይ የሚነፋ ጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ሱቁ ደጃፍ አስነስታችሁ እርጥብ ቅጠል ላይ ሞክሩት። አላስነሳም ካለ ቻው በሉት።

ቀድሞ የተገዛ ደካማ ማሽን ካላችሁ ጠባቡን አፍ ግጠሙለት። ቱቦውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ ከቅጠሉ ሥር ንፉ። ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ፣ እስከ 4 ሰዓት መታገስም ያዋጣል። በክረምት ግን አትድከሙ፣ መጥረጊያችሁን አንሡ።

ይነሳል፣ ግን ጉልበት የለውም፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል

ባሕር ዳር ላይ ማሽን የሚታማው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ ደግሞ ለዚያ ስስ አየር ቤንዚን ያበዛበታል። ስለዚህ ስትገዙ ይበቃኛል ከምትሉት ትንሽ ከፍ ያለውን ምረጡ።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፍቱና ጫፉን እዩት። ማኪያቶ ከመሰለ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይ ዘይት በዝቷል፣ ወይ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። ከማጣሪያው ጀምሩ፣ ገንዘብ አያስወጣም። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ካልተሻለው መካኒክ ካርቡሬተሩን በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክልላችሁ። ጫፉ ከነጣ ግን ሞተሩ ቤንዚን አንሶታል፤ ወዲያው አጥፉት። እዚህ የተስተካከለ ማሽን ወደ መተማ ቆላ ቢወርድ ይኸው ነው የሚደርስበት፣ እዚያ እንደገና መስተካከል አለበት።

ገመዱ አልሳብ አለ

ነክሷል። ሁለተኛውን ማሽኔን ለረዳቴ ትቼለት ወጣሁ። ልጁ ንጹሕ ቤንዚን ሞላው። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሩብ ሰዓት አልቆየም። ተቆጣሁት፤ ግን ማን ነግሮት? ፒስተንና ሲሊንደር መቀየር ይቻላል፣ ሒሳቡን ስትሰሙ ግን አዲስ መግዛት ያምራችኋል።

ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች 50 ለ1 ይላሉ። ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። እኔ ከፋርማሲ ባለ 20 ሲሪንጅ ገዛሁ። ለ5 ሊትር ጀሪካን አምስት ሲሪንጅ። ጀሪካኑ ላይ በማርከር «ዘይት አለው» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ እስካሁን አልሳተም።

ደህና ሲሠራ ኖሮ እየታፈነ መጣ

የማርሚታው መውጫ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፣ ጥላሸት ደፍኗት ይሆናል። ፈትታችሁ በሽቦ ብሩሽ ቦርሿት። ቤንዚኑም ከወር በላይ ከቆየ ድፉና ሌላ ሙሉ። ቤንዚን ሲጠፋ ማጠራቀም ልማዳችን ስለሆነ ነው የምለው።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል

አልተበላሸም። ባለ 36 ቮልት 5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 180 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ማሽኑ በሙሉ ኃይል 600 ዋት ከበላ 18 ደቂቃ ነው። ሁለት ተጨማሪ ባትሪ ካልገዛችሁ፣ መብራትም በጠፋ ቀን፣ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ያም ሆኖ እንግዳ የተኛበት ክፍል አጠገብ እኔ ባትሪ ነው የምይዘው። የቤንዚኑ ጩኸት ጆሮም ይጎዳል፤ ከ85 ዴሲቤል በላይ ከሆነ የጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ አትሥሩ።

የነፋሁት ቅጠል ተመልሶ መጣ

ይሄ የማሽን ችግር አይደለም። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ጣና ብትነፉ ፊታችሁ ላይ ይመለሳል። ቢገባም አይጠቅምም። የበሰበሰ ቅጠል ለእምቦጭ ምግብ ነው፣ ከ2011 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ሐይቁ ላይ ያየነው ይበቃል። ጠዋት ወደ አጥሩ ግፉት። ክምሩን እኔ በአሮጌ የዓሣ መረብ እሸፍነዋለሁ፣ ጥጉን በአራት ድንጋይ።