ስፖርተኞቻችን ሰው ሲረዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ ወዲህ በከተማችን ተጫዋች መንገድ ላይ ሲታይ ችግሩን የሚነግረው ሰው በዝቷል። የአንድ እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ፣ እዚሁ ተወልደው በየክለቡ የሚጫወቱ ልጆችም ሆኑ ከየወረዳው ወጥተው በሩጫ የተሳካላቸው፣ ሰው ለመርዳት ሲያስቡ ይደውሉልኛል። ደጎች ናቸው። ግን አንዳንዱ ጥፋት እየተደጋገመ ስለመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማይክ ይዞ ቃል መግባት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የወዳጅነት ጨዋታ ይዘጋጃል፣ ሰው ይሞላል፣ አስተዋዋቂው ተጫዋቹን ወደ መሃል ይጠራዋል። ልጁ ጭብጨባው ይሞቀውና «እነዚህን ልጆች ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ አስተምራለሁ» ይላል። እልልታው ይቀልጣል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ሥራው።

ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ። ጠላ እየጠመቁ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። ልጆቹ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት በቀበሌ በኩል ደብተርና ዩኒፎርም ያገኙ ነበር። በማይክ ቃል በተገባላቸው ዓመት ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስማቸው የለም። እማማ ሄደው ቢጠይቁ «እናንተማ ደጋፊ አግኝታችኋል፣ ለሌላ ይድረስ እንጂ» ተባሉ። የቀበሌው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዕቃው ለሁሉም ስለማይበቃ የተሻለለት የመሰለው ይቀነሳል። ተጫዋቹ ደግሞ በዝውውር ሌላ ከተማ ገብቷል፣ አዲሱ ክለቡ ደሞዙን ወራት አዘግይቶበታል፣ ስልክ አያነሳም። ሐፍረት ይዞት ነው። ልጆቹ ከወዲያም ከወዲህም አጡ።

እስቲ ገቢያችሁን ራሳችሁ አስቡት። ኳስ ተጫዋች ውሉ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ሯጭ ማራቶን ያሸነፈ ዕለት ብሩ ኪሱ አይገባም፤ የዶፒንግ ምርመራው እስኪጠራ ወራት ይቆያል፣ ከዚያ የማናጀር ድርሻ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ፣ ግብርም አለ። አንድ የጅማት ጉዳት የውድድር ዓመቱን ሙሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ገቢ ላይ የ12 ዓመት ቃል እንዴት ይገባል? የአንድ ዓመቱን ገንዘብ አስቀድማችሁ በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ አስገቡና ዝም በሉ። ከርሞ ከቻላችሁ ትደግማላችሁ፤ ካልቻላችሁም ማንም ከዝርዝር አልወጣም፣ ማንም አልተዋረደም።

የተረጂውን ፊት መቅረጽ

ስለ ክብር ብዙ ስለተባለ እኔ ስለ ቤት ኪራይ ልናገር። የአልጋ ቁራኛ እናቷን የምታስታምም ሴት አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ኩንታል ዱቄት ስትቀበል ተቀርጻ ቲክቶክ ላይ ወጣች። አከራይዋም እንደ ሰው አየው። ወሩ ሲደርስ «ታዋቂ ልጅ ይዘሽ የለ» ብሎ ኪራይ ጨመረባት፤ ጭማሪውን ለመክፈል ዘይቱን ሸጠችው። ለስፖንሰር ማሳያ ፎቶ የግድ ካላችሁ ከዕቃው ጋር ተነሱ። ሰው ይግባበት ካላችሁም እኔ እቆማለሁ፤ የምኖረው በቀበሌ ቤት ስለሆነ ኪራይ የሚጨምርብኝ የለም።

ማዕድ ማጋራት በበዓል ብቻ

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ሁሉም ይመጣል። አንዳንዱ ቤት በአንድ ሳምንት ሦስት ጀሪካን ዘይት ገብቶለት ያውቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ማንም የለም። ያኔ ነው የቀን ሥራ በዝናብ የሚቆመው፣ እህል የሚወደደው፤ በፎገራ በኩል የርብና የጉማራ ወንዞች፣ በደምቢያ በኩል ደግሞ መገጭ ሞልተው ማሳና ቤት የሚያጥለቀልቁትም ያኔ ነው። ሊጉ ደግሞ ክረምት ሲገባ ያልቃል፣ እናንተም ለእረፍት ወደየቤታችሁ ትመጣላችሁ። ጊዜ ያላችሁና ሰው የሚቸገርበት ወቅት እንዲህ ገጥሞላችሁ ሳለ ለምን ጳጉሜን እንደምትጠብቁ አይገባኝም። የበዓሉን በጀት ግማሹን ለሐምሌ አስቀሩት።

አንድ በሬ አርዶ ለሁሉም ማከፋፈል

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድርሻቸውን በትህትና ተቀብለው ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ለእነሱ በግ ከነነፍሱ ስጡ፣ ራሳቸው ያርዱታል።

ያገለገለ ታኬታ

43 ቁጥር ለ12 ዓመት ልጅ ምን ያደርግለታል?

የሆስፒታል ሒሳብ ከፍሎ መሄድ

በጭንቅ ሰዓት መክፈል የሚያስመሰግን ነው፤ አልቃወምም። ግን ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ምርመራና መድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ስንት ቤተሰብ ለዓመት እንደሚያስመዘግብ አስልታችሁ ታውቃላችሁ? ክፍያው በቤተሰብ ነው፤ ምዝገባውና እድሳቱ የሚከፈተው በዓመት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ የቱንም ያህል ብር ብትይዙ ከርሞን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ መክፈል ያቃታቸውን ከእድሩ መዝገብ እናወጣላችኋለን። አባል የሆነም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ በሪፈር እንደሚሄድ ንገሩት፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ «መድን አለኝ» ቢል ሊመልሱት ይችላሉ።

አስታማሚውንም አትርሱት። ከዘጌ ማዶ ወይም ከሩቅ ወረዳ በሽተኛ ይዞ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የመጣ ገበሬ፣ መድኃኒቱ ቢሸፈንለት እንኳ የሚያድርበትና የሚበላው የለውም። የአንድ ሳምንት ራት ፎቶ ላይ አያምርም፤ ሰውየው በሽተኛውን ሕክምናው ሳያልቅ ይዞት እንዳይመለስ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ሳዲዮ ማኔን አይቶ ግንባታ መጀመር

ሴኔጋላዊው ኳስ ተጫዋች ማኔ በተወለደበት መንደር በባምባሊ ትምህርት ቤትም ሆስፒታልም አሠርቷል፤ ሆስፒታሉ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ልጆቻችን ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ባለሙያ እንዲመደብለት ከአገሩ ፕሬዚዳንት ጋር መነጋገሩን ግን የሚያነሳ የለም። ግድግዳ ማቆም ቀላሉ ነው፤ ከባዱ የነርሷ ደሞዝ ነው። ማን እንደሚቀጥር በደብዳቤ ሳታረጋግጡ የመሠረት ድንጋይ አታስቀምጡ። የተጣለ መሠረት ላይ ፍየል ሲተኛ ማየት ሰልችቶኛል።

ለሥራ አጥ ወጣቶች መረብ መግዛት

ይህኛው የጣና ሐይቅ ዳር ልጆች ስህተት ነው። አንድ ሯጭ ለሰፈሩ ወጣቶች ቀጭኑን የፕላስቲክ መረብ፣ ያውም ዓይኑ ጠባብ የሆነውን፣ በሐምሌ ገዝቶ ሰጣቸው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ይይዛል። ወጣቶቹም ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ዘረጉት። ነባሮቹ አሥጋሪዎች ሲያዩ ጠቡ በሽማግሌ ነው የበረደው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን፣ ብዙ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሌሉ፣ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ይወጣል። መግቢያው ላይ መረብ ከተዘረጋ እንቁላል የያዘችው ሁሉ ትታፈሳለች፣ ጠባቡ መረብም ጫጩቱን ሳይቀር ይለቅማል። ከዓመታት በኋላ እነዚያው ወጣቶች ባዶ መረብ ይጎትታሉ። ጠፍቶ የቀረ መረብ እንኳ አይበሰብስም፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

መርዳት ካማራችሁ መጀመሪያ የአሥጋሪዎቹን ማኅበር አነጋግሩ፤ የሚፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋትና መዘርጋት የሌለበትን ወቅት ይነግሯችኋል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት መረብ እንኳ አይደለም፤ ማቀዝቀዣ ነው። ጠዋት የተያዘ ዓሣ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ስለሚወርድ የወጣቶቹ ትርፍ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ማቀዝቀዣውን ስትገዙ ቆጣሪው በማን ስም እንደሚሆን ከማኅበሩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ የመብራቱ ሒሳብ በየወሩ ይመጣል።