ልጆችን ስለ ደመና ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ስም ማስሸምደድ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አያለሁ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «ኩሙለስ፣ ስትራተስ፣ ሲረስ» (ቁልል፣ ዝርግና ላባ መሰል ደመና ማለት ነው) እያሉ ይጮኻሉ። ውጭ ሰማዩ በኩሙለስ ተሞልቷል፤ ቀና ብሎ ያየ ግን የለም። ኧረ በናታችሁ አውጧቸው! ስሞቹን እ.ኤ.አ. በ1802 ያቀረበው እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ እንኳ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ልጁም መጀመሪያ ያስተውል። ደመናው ቁልል ነው ወይስ ዝርግ? ጠርዙ የለየ ነው ወይስ የሳሳ? ሆዱ ጠቁሯል? በራሱ ቃል ከገለጸው በኋላ ስሙን ብትነግሩት አይረሳውም።

አንዴ አይቶ መግባትም አይበቃም። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጊዜ ጠዋት 4 ሰዓት ትንንሽ ነጭ ቁልሎች ይታያሉ፤ 6 ሰዓት ላይ ወደ ላይ አድገዋል፤ 9 ሰዓት ላይ ጠቁረው ያጉረመርማሉ። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ነው ይህ የሚሆነው። ልጆቹ ከአንድ ቦታ ቆመው ሦስቱንም ሰዓት ይሳሉ፤ ያን ጊዜ «ለምን አደገ?» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ።

«ደመና ተን ነው» አትበሉ። ተን አይታይም። የሚፈላ ማንቆርቆሪያ ከራቅ ብላችሁ አሳዩአቸው፤ አፉ ጋ ምንም የለም፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነጩ ይጀምራል። ያ ነጭ ደቃቅ የውሃ ጠብታ ነው፤ ደመናም እንደዚያው፣ ከፍ ሲል ደግሞ የበረዶ ቅንጣት።

የዝናብ መለኪያውን ጣሪያ ጥግ ወይም ዛፍ ሥር አታስቀምጡ። መለኪያውን ለመሥራት ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጣችሁ፣ አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ መልሳችሁ ክተቱበት። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ ጨምሩና ውሃው የደረሰበትን ዜሮ በሉት። 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ግቢ ላይ 10 ሚሊሜትር ከዘነበ 500 ሊትር! ልጆች ይህን ሲያሰሉ ዓይናቸው ይፈጣል።

የልጁ ትንበያ ካልሠራ በቀይ አታስምሩበት። ያየውን ይጻፍ፣ ነገ ያስተያየው።

ፀሐይን በቀጥታ ማየት ክልክል ነው፣ ስስ ደመና ቢሸፍናትም።

ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው አበቃ። ዛፍ ሥር መጠለል የለም፤ ቤት ግቡ። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ለ3 አካፍለው በኪሎሜትር ርቀቱን ያስሉ፣ ግን ከውስጥ ሆነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አታውጧቸው።