ከሜታር ሪፖርት ላይ እርጥበትንና የጤዛ ነጥብን እንዴት እናንብብ?

በክረምት ኮምቦልቻ ላይ የሚያርፈው አብራሪም ሆነ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት የሚወጣው ሾፌር የሚፈሩት ጉምን ነው። ሜታር በሚባለው የአቪዬሽን የአየር ሁኔታ ሪፖርት ውስጥ ጉሙን አስቀድመው የሚጠቁሙ ሁለት ቁጥሮች አሉ።

1. ሪፖርቱን ፈልጉ። የኮምቦልቻ ማረፊያ መለያ "ኤች ኤ ዲ ሲ" ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው በዙሉ፣ ማለትም በግሪንዊች አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ 3 ቀንሱ፤ 0600 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት፣ 0300 ካለ ንጋት 12 ሰዓት ነው።

2. ከአየር ግፊቱ ቀድመው በእዝባር የተለዩትን ቁጥሮች እዩ። ለምሳሌ 14/13 ቢል ሙቀቱ 14፣ የጤዛ ነጥቡ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። "ኤም" የሚል ፊደል ከቀደመ ከዜሮ በታች ነው።

3. ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜታር እርጥበትን በመቶኛ አይነግርም፤ ስልካችን ግን የሚያሳየን መቶኛውን ነው። ጠዋት 14/13 የነበረው ከሰዓት በኋላ 26/13 ሆነ እንበል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ94 በመቶ ወደ 45 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ይሁን እንጂ አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ያው ነው። የተለወጠው ሙቀቱ ነው፤ አየር ሲሞቅ ከሙሌት (ከዚህ በላይ ተን ሊይዝ ከማይችልበት ደረጃ) ይርቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠጋል። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ እስከዚያ ድረስ ቢቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ተን ወደ ውሃ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት ነው። ስለዚህ የውሃውን መጠን የሚናገረው 13 ቁጥር ነው፤ መቶኛው ፀሐይ በወጣች ቁጥር ይዋዥቃል። እኔ መቶኛውን ጨርሶ ማየት ትቻለሁ።

4. ከሙቀቱ ላይ የጤዛ ነጥቡን ቀንሱ። ልዩነቱ 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱም ከረገበ፣ ጉም ጠብቁ። ቁጥሮቹ ወደ ሙሉ ዲግሪ የተጠጋጉ መሆናቸውን ግን አትርሱ፤ 14/13 ሲል እውነተኛው ልዩነት ዜሮ ሊጠጋ፣ ሁለትም ሊደርስ ይችላል። አንድ ሪፖርት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ተከታታዮቹን አይታችሁ ልዩነቱ እየጠበበ ወይስ እየሰፋ እንደሆነ ለዩ።

5. ቀን ላይ ልዩነቱን በ125 አባዙ። ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ የሚፈጠረው ደመና ከማረፊያው ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚጀምር በግምት ታገኛላችሁ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እንግዲህ ልዩነቱ 5 ከሆነ ደመናው 625 ሜትር ላይ ይጀምራል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደመና የሚባለው ደሴ ላሉት ጉም ሊሆን ነው። ሐረጎን ልትወጡ ከሆነ መብራታችሁን ፈትሹ።

ይህ ስሌት ለንጋት አይሠራም። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ ታች ጉም ተኝቶ ላይኛው ብሩህ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የሚያገለግለው ደረጃ 4 ብቻ ነው።